የኤሊዋ እቶን የት ነው? ደመ ቀዝቃዛ እንስሳን በአዘዞ አየር ጠባይ በጤና ስለ ማኖር

መግቢያ

እንስሳን በቤት ማኖር ለጎንደርና ለአካባቢዋ አዲስ ነገር አይደለም። ውሻና ድመት በየቤቱ አሉ። በፋሲል ግቢ ቅጥር ውስጥም የአንበሳ ቤቶች እስከ ዛሬ ድረስ ለጎብኚ ይታያሉ። አንበሳን ለሚያኖር ሰው ትልቁ ወጪ ሥጋ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ከእነዚህ የተለየች አንዲት እንግዳ ግን አልፎ አልፎ በሆቴል አትክልት ስፍራዎችና በመኖሪያ ግቢዎች ትታያለች፤ እርሷም ኤሊ ናት። ኤሊ አትጮኽም፤ አጥር አትዘልም፤ ጥቂት ሣር ነጭታ ትውላለች። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ወጪና ድካም የሌላት እንስሳ አድርጎ ይገምታታል።

በዚህ ጽሑፍ ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። የኤሊ ወጪ የሚከፈለው በመኖ ሳይሆን በሙቀትና በብርሃን ነው። ሙቀትና ብርሃን ደግሞ የፊዚክስ ርእሶች ናቸው። «ኤሊ የሥነ ሕይወት መምህራን ጉዳይ አይደለችምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲከተለን እንጋብዘዋለን። ከኤሊዋ የምንማረው ነገር በመጨረሻ ወደ ገዛ ቤታችን፣ ወደ ሕፃናቶቻችን አጥንት ይመልሰናልና።

ደመ ቀዝቃዛ ማለት ምን ማለት ነው?

ኤሊ፣ እባብ፣ አዞ፣ እንሽላሊትና እስስት ገበሎ አስተኔ ከሚባለው የእንስሳት ክፍል የሚመደቡ ናቸው። በትምህርት ቤት «ደመ ቀዝቃዛ» ተብለው ሲጠሩ ሰምተናል። ይህ አጠራር ግን በጥሬው ከተወሰደ ያሳስታል። በቀትር ፀሐይ ላይ የተኛ እንሽላሊት ደሙ ከእኛ ደም እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ሙቀቱ ከየት መጣ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። አጥቢ እንስሳትና አዕዋፍ ሙቀታቸውን የሚያገኙት በሰውነታቸው ውስጥ ምግብን በማቃጠል ነው። ገበሎ አስተኔዎች ግን በዋናነት ከውጭ፣ ማለትም ከፀሐይ፣ ከሞቀ ድንጋይና ከአየሩ ይቀበላሉ።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። 10 ኪ.ግ. የሚመዝን ውሻ ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ሳለ በግምት 20 ዋት ኃይል ያመነጫል። ይኸው ክብደት ያላት ኤሊ ሰውነቷ ሞቆ እንኳ ሳለ በዕረፍት የምታመነጨው የዚህን አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው፤ 3 ዋት አይሞላም። ስለዚህ ውሻው እቶኑን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ ማገዶው ምግቡ ነው። የኤሊዋ እቶን ግን በሰማይ ላይ ነው። ኤሊ በጥቂት ሣር የምትኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰውነቷን ለማሞቅ ምግብ አታቃጥልምና።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መደምደሚያ ይገኛል። ውሻን ከቆላ ወደ ደጋ ብንወስደው እቶኑ አብሮት ይሄዳል፤ ትንሽ ምግብ ቢጨመርለት ብርዱን ይቋቋማል። ኤሊን ስንወስዳት ግን እቶኗን ትተን እርሷን ብቻ ነው የምንወስደው። የአኗኗሪው ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ከቆላ ወደ አዘዞ

ከጎንደር ከተማ ደቡብ የምትገኘው አዘዞ የሁለት መንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ሌላው በአይከል አድርጎ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ድንበር ይወርዳል። በዚያው በአዘዞ ያለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ያህል ብቻ ናት።

አየር ወደ ላይ በሄድን ቁጥር በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። የሁለቱ ቦታዎች የከፍታ ልዩነት 1300 ሜትር ስለ ሆነ 1.3 × 6.5 = 8.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አንድ መንገደኛ ከቆላ አንዲት ኤሊ አንሥቶ ወደ አዘዞ አመጣት እንበል። በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ በዓመቱ ሁሉ ከለመደችው በ8 ዲግሪ የሚያንስ አየር ውስጥ አስገባት ማለት ነው። ሰው ጋቢ ይደርባል፤ ትኩስ ነገር ይጠጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባላችን ራሱ የብርዱን ወራት በምግብ እንቶን እንደምናልፍ ይመሰክራል። ለኤሊዋ ግን ጋቢ ብንደርብላትም አይጠቅማትም። ጋቢ የሚሠራው ከውስጥ የሚመነጨውን ሙቀት በማገድ ነው፤ ከውስጥ የሚመነጭ ሙቀት ከሌለ የሚያግደው ነገር የለውም።

ቅዝቃዜው የሚያስከትለው ጉዳትም በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። በአብዛኛው በሕያው አካል ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሢሶ ይወርዳል። የኤሊዋ የሰውነት ሙቀት ከ30 ወደ 14 ዲግሪ ቢወርድ፣ ይህም 16 ዲግሪ ልዩነት ነው፣ የሰውነቷ ሥራ ሁሉ ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ያህል ይዘገያል። የበላችው ሣር ሳይፈጭ በሆዷ ይቆያል። በሽታን የሚከላከለው የሰውነት ሥርዐትም አብሮ ይዘገያል። ቅዝቃዜው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አፍንጫዋ ይረጥባል፤ አተነፋፈሷ ይከብዳል፤ ዐይኗን ትጨፍናለች፤ መብላት ታቆማለች። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ተኝታለች ብለው ያልፏታል። በእውነቱ ግን የሳንባ ሕመም ጅማሬ ሊሆን ይችላል።

የሙቀት ጉዳይ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኢጓና የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ትልቅ ዕፀ በል እንሽላሊት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ እንደ ለማዳ እንስሳ በብዛት ይሸጥ ነበር። ጫጩቱ በመዳፍ የሚያዝ፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ሲያድግ ግን ከጭራው ጋር ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። ይህን ሳያስቡ የገዙ ብዙዎች ለቀቁት፤ ሌላውም አመለጠ። በፍሎሪዳ ግዛት ዛሬ ወራሪ እንስሳ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ብርድ በመጣ ጊዜ የማያሚ የአየር ጠባይ ትንበያ መሥሪያ ቤት «ኢጓናዎች ከዛፍ ላይ ሊወድቁ ስለሚችሉ ተጠንቀቁ» የሚል ማሳሰቢያ ለሕዝብ አወጣ። ኢጓናዎቹ አልሞቱም፤ ጡንቻቸው ቅርንጫፍ መያዝ እስኪሳነው ድረስ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ ይወድቃሉ። ፀሐይ ሲሞቅ ብዙዎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ኤሊን ለማሞቅ ስንት ጁል ያስፈልጋል?

የ10 ኪ.ግ. ኤሊያችንን ከማለዳው 14 ዲግሪ ወደ 30 ዲግሪ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ሙቀት እናስላ። 1 ኪ.ግ. የእንስሳ አካልን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 3.5 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ፡-

10 × 3.5 × 16 = 560 ኪሎ ጁል።

በጠራ ቀን ፀሐይ ከፍ ስትል በየካሬ ሜትሩ 1000 ዋት ገደማ ታሳርፋለች። የኤሊዋ ጀርባ 40 ሳ.ሜ. በ25 ሳ.ሜ. ቢሆን ስፋቱ 0.1 ካሬ ሜትር ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውን ቢውጥ 80 ዋት ያገኛል። 560,000 ጁልን ለ80 ስናካፍል 7000 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ እናገኛለን። በነፋስና በጨረር የሚባክነውን ብንጨምር ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ከራሷ የሚመነጨው 3 ዋት ከዚህ 80 ዋት ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን 50 ግራም የምትመዝን ጫጩት እንውሰድ። ጀርባዋ 5 ሳ.ሜ. በ4 ሳ.ሜ. ነው እንበል። የሚያስፈልጋት 2.8 ኪሎ ጁል ብቻ ሲሆን የምትቀበለው 1.6 ዋት ነው። በግማሽ ሰዓት ገደማ ትሞቃለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክብደቷ ከትልቋ 200 ጊዜ ሲያንስ የጀርባዋ ስፋት ግን 50 ጊዜ ብቻ ነው ያነሰው። ሆኖም ፈጥኖ የሚሞቅ ነገር ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ፈጥኖም ይቃጠላል። የሰውነት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ጥቂት ካለፈ ለሞት ያደርሳታል። ስለዚህ ጥላ በሌለበት ሣጥን ውስጥ በፀሐይ የተተወች ጫጩት በአጭር ጊዜ ልትሞት ትችላለች። ኤሊ የምትኖርበት ግቢ ፀሐይም ጥላም፣ ጥልቀት የሌለው የመጠጥ ውኃም ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው። ምርጫው የእርሷ ይሁን፤ ቴርሞሜትሩን በሰውነቷ ይዛዋለችና።

የሌሊቱ ችግርና የጄሪካን መፍትሔ

የአዘዞ ቀን ለኤሊ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ሙቀቷን በጨረር ወደ ህዋ ትለቃለች። ወደ ንጋት ላይ ብርዱ ይበረታል። በክረምት ደግሞ ብርዱ ቢለዝብም እርጥበቱና ጭቃው ይመጣል። ለቆላ ኤሊ ማደሪያዋ ደረቅ ሊሆን፣ ሙቀቱም ከ15 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚያስበው አምፑል ማብራትን ነው። ይህ ሁለት ችግር አለበት፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ኤሊዋ ያለ እቶን ትቀራለች፤ አምፑሉ ጭድ ከነካ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ውኃ ብዙ ሙቀት የመያዝ ዐቅም አለው፤ 1 ኪ.ግ. ውኃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.2 ኪሎ ጁል ይለቃል። 50 ዲግሪ የሆነ 20 ሊትር ውኃ ሌሊቱን ወደ 25 ዲግሪ ቢወርድ፡-

20 × 4.2 × 25 = 2100 ኪሎ ጁል

ይሰጣል። ይህን ለ10 ሰዓት፣ ማለትም ለ36,000 ሰከንድ ስናካፍለው በአማካይ 58 ዋት ይሆናል። የአንድ ባለ 60 ዋት አምፑል ያህል ማለት ነው። በኒውተን የማቀዝቀዝ ሕግ መሠረት ጄሪካኑ በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ፣ ወደ ንጋት ጥቂት ይለቃል። ይህን ለማመጣጠን በጆንያ መጠቅለል ይበቃል፤ ጆንያው ኤሊዋንም ከመቃጠል ይጠብቃታል። ጄሪካኑ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ ከጣውላ በተሠራ፣ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን አጠገብ ይቀመጥ። ሣጥኑ በጭቃ ግድግዳ ጥግ ቢሆን ይመረጣል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳልና።

መስኮት የማያሳልፈው ብርሃን

እስከ አሁን ስለ ሙቀት ብቻ ተናገርን። ሙቀት ብቻውን ግን አይበቃም። በመስታወት መስኮት አጠገብ ሞቃትና ብሩህ ቦታ ያገኘች ኤሊ ደስ ብሏት ስትቀመጥ እናያለን። ከወራት በኋላ ግን መንጋጋዋ ይለሰልሳል፤ ድንጋይ ልብሷ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ እግሮቿ ሰውነቷን መሸከም ይሳናቸዋል። ይህ ገበሎ አስተኔዎችን በሚያኖሩ ሰዎች ዘንድ በእጅጉ የታወቀ የአጥንት በሽታ ነው። ኢጓናን በቤታቸው ያኖሩ ሰዎች ወደ እንስሳት ሐኪም እንዲመላለሱ ካደረጓቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ሙቀት ካለ፣ ብርሃንም ካለ፣ የጎደለው ምንድን ነው?

የጎደለው አንድ ዓይነት ብርሃን ነው። በቆዳ ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ አንድ ውሁድ አለ። ይህ ውሁድ አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር ሲውጥ ከቀለበቶቹ አንዱ ይከፈታል፤ ከዚያም በሰውነት ሙቀት ርዳታ ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ይህ ቫይታሚን በጉበትና በኩላሊት ተዘጋጅቶ ካልሲየምን ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል። ካልሲየም ሳይገባ ሲቀር ሰውነት ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልገውን ከአጥንት ይወስዳል። አጥንት እንደ ጎተራ ነው፤ ሳይጨመርበት ብቻ ከተወሰደበት ባዶ ይቀራል።

ታዲያ ሌላው ብርሃን፣ በዐይን የሚታየው፣ ይህን ለምን መሥራት አልቻለም? መልሱ በፎቶን ኃይል ላይ ነው። የፎቶን ኃይል በኤሌክትሮን ቮልት 1240ን በናኖ ሜትር ለተሰጠ የሞገድ ርዝመት በማካፈል ይገኛል። 300 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ፎቶን 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል። 550 ናኖ ሜትር ያለው አረንጓዴ ፎቶን ግን 2.25 ብቻ ነው። ቀለበቱን ለመክፈት አንድ ፎቶን በአንድ ጊዜ በቂ ኃይል ማምጣት አለበት። ዐሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ቢዘሉ አንዳቸውም የአምስት ሜትር አጥር እንደማይዘሉ ሁሉ፣ ደካማ ፎቶኖችም ቢበዙ የብርቱውን ሥራ አይሠሩም። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ ፎቶኤሌክትሪክ ክሥተት የገለጸው ሐሳብም ይኸው ነበር። ተራ የመስኮት መስታወት የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ያሳልፋል፤ አልትራቫዮሌት ቢን ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ዐይናችንም እጃችንም ልዩነቱን አያውቁትም፤ አጥንት ግን ያውቀዋል።

በዚህ ረገድ አዘዞ ዕድለኛ ናት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12.5 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀጥታ ከአናቷ ላይ ታልፋለች። በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በ54 ዲግሪ ከፍ ትላለች። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በዚያው ወቅት የቀትር ፀሐይ ከፍታ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ያሉ ገበሎ አስተኔ አኗኗሪዎች አልትራቫዮሌት የሚሰጥ ልዩ አምፑል ይገዛሉ፤ ጨረሩ ከጊዜ በኋላ ስለሚደክም አምፑሉ ብርሃን እየሰጠ ሳለ በየጊዜው ይለውጡታል። በተጨማሪም ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ጋ የሚያስፈልገው እንስሳዋን ከመስታወት ኋላ ማውጣት ብቻ ነው።

መቼ እናውጣት? ጥላን በመለካት ማወቅ ይቻላል። የራስህ ጥላ ከቁመትህ ሲያጥር ፀሐይ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆናለች፤ ጨረሩም ብርቱ ነው። በአዘዞ ይህ በመስከረም አጋማሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጥላው ከቁመት እኩል በሚሆንበት አካባቢ ያለው ሰዓት ለኤሊዋ ተስማሚ ነው፤ በቀትር ግን ጥላ እንዳታጣ መጠንቀቅ ይገባል።

ከኤሊዋ ወደ ሕፃናት

በዚህ ላይ አንባቢያችን ቆም ብሎ እንዲያስብ እንፈልጋለን። ከላይ የገለጽነው የአጥንት መለስለስ በሰው ልጅ ላይ ሲደርስ ሪኬትስ ይባላል። በሽታው የሚመጣበት መንገድም አንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል ፀሐይ በሚወርድባት አገራችን ሪኬትስ ሊኖር ባልተገባ ነበር። ሆኖም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ሕፃናት ጋር አወዳድሮ ነበር። ሪኬትስ የተገኘው ከታመሙት መካከል በ210፣ ካልታመሙት መካከል ግን በ20 ብቻ ነው። የለሰለሰ የጎድን አጥንትና የደከመ ጡንቻ ሳንባን በሚገባ አያስተነፍስም።

ይህ የሚሆነው ፀሐይ ጠፍቶ አይደለም። ሕፃኑ «ምች ይመታዋል»፣ «የሰው ዐይን ያየዋል» እየተባለ በቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚውል ነው። ከተማ ሲሰፋና የፎቅ ኑሮ ሲበዛ ደግሞ በመስኮት የገባችውን ፀሐይ በቂ አድርጎ የመቁጠር ስሕተት ይጨመራል። ስለ መስታወት የተናገርነው ሁሉ ለሕፃኑም ይሠራል። ሕፃን በየትኛው ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ ፀሐይ መሞቅ እንዳለበት ከጤና ባለሙያ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ፀሐይ ቆዳንና ዐይንን ይጎዳልና። ይሁን እንጂ የተዘጋ መስኮትና ሙሉ ጥቅል ከዚያ ጨረር ምንም ያህል እንደማያሳልፉ እያንዳንዱ ተማሪ ለእናቱና ለእኅቱ ሊያስረዳ ይችላል።

መኖ፣ ንጽሕናና ሕግ

ፀሐይ ቫይታሚኑን ትስጥ እንጂ ካልሲየሙ ራሱ ከመኖ መምጣት አለበት። የየብስ ኤሊዎች በአብዛኛው ሣር በል ናቸው። ሰርዶና ሌላው የግቢ ሣር፣ አልፋልፋ፣ እሾሁ የተላገ የበለስ ቅጠል ይስማማቸዋል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና የሥጋ ትርፍራፊ ግን የእነርሱ ምግብ አይደለም። ቆስጣ ብዙ ኦክሳሌት ስላለው ካልሲየምን አስሮ ያስቀራል፤ የዘወትር መኖ መሆን የለበትም። በለስና ቁልቋል እንዳይምታቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት የሚያቃጥል መርዝ ነው። ጉሎና አስተናግርም ከግቢው ይወገዱ።

ሌላው ጉዳይ የአኗኗሪው ጤና ነው። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ በአንጀቷ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። በዩናይትድ ስቴትስ ድንጋይ ልብሳቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳ.ሜ. ገደማ ያነሱ ኤሊዎች ለለማዳ እንስሳነት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለከለው ልጆች ወደ አፋቸው እያስገቡ ስለ ታመሙ ነው። ኤሊ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የውኃ ሳሕኗ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻቸውን አይያዟት። ስትታመም ደግሞ የቤት መድኃኒት ከመሞከር የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው።

በመጨረሻም ሕግ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም የየብስ ኤሊዎችን ሁሉ በዝርዝሩ ይዟል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ኤሊ እንዲያዝ ምክር አይሰጥም። በመንገድ ላይ ኤሊ ያገኘ ሰው መኪና እንዳይደፈጥጣት ካሰበ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሮ ይተዋት። በደረቅ አገር የሚኖሩ ኤሊዎች ለድርቅ የሚሆናቸውን ውኃ በፊኛቸው ስለሚያጠራቅሙ፣ ሲደነግጡ ደግሞ ሊለቁት ስለሚችሉ፣ ሲያነሷት በእርጋታ ይሁን።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ኤሊ ሳያስፈልግ ከላይ ያልነውን መመርመር ይቻላል። ባለ 2 ሊትርና ባለ ሩብ ሊትር ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ጥቁር ቀለም ቀብተው ውኃ ይሙሉባቸው። ማለዳ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው በየ15 ደቂቃው ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ከዚያም ወደ ጥላ አዛውረው ሲቀዘቅዙ እንደገና ይለኩ። የሁለቱን ውጤት በአንድ ግራፍ ላይ ይሣሉ። ቀጥለው የሚከተሉትን ይመልሱ፡-

1. ፈጥኖ የሞቀው የትኛው ነው? ፈጥኖ የቀዘቀዘውስ? ከገጽ ስፋትና ከይዘት ጥምርታ ጋር አያይዘው ያስረዱ።
2. በጋቢ የተጠቀለለ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ሌሊትስ?
3. ጄሪካኑ 10 ሊትር ብቻ ቢይዝ በአማካይ ስንት ዋት ይሰጣል?
4. 400 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ፎቶን ኃይሉ ስንት ኤሌክትሮን ቮልት ነው?

ማጠቃለያ

አንበሳን ያኖር የነበረ ሰው ሥጋ ያቀርብ ነበር፤ ቀሪውን የአንበሳው አካል ራሱ ይሠራዋል። ኤሊን የሚያኖር ሰው ግን ሣር ማቅረቡ ትንሹ ክፍል ነው፤ የቀኑን ፀሐይና ጥላ፣ የሌሊቱን ሙቀት፣ በመስታወት ያልተጣራውን ብርሃን እርሱ ካላሰበላት ማንም አያስብላትም። ኤሊ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ለልጅ የመጣች ኤሊ የልጅ ልጅ አደራ ትሆናለች። ይህን አደራ ለመሸከም ያልቆረጠ ሰው በቆላዋ ይተዋት። አስቀድሞ በግቢው ያለችው ደግሞ ነገ ጥላው ከቁመቱ ሲስተካከል ወደ ደጅ ያውጣት፤ በቤቱ ሕፃን ካለም ስለ እርሱ ፀሐይ የጤና ባለሙያን ይጠይቅ።